ባለ አንድ ማዞሪያ ፔዳል ለእነዋሪ

የሞጁሌሽን ፔዳል ከኤሌክትሪክ ጊታር የሚወጣውን ድምፅ በገመድ ተቀብሎ፣ ጉልበቱን ወይም ቅጥነቱን ወይም ቀለሙን በተወሰነ ፍጥነት ከፍ ዝቅ እያደረገ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚያሳልፍ፣ በእግር የሚረገጥ ትንሽ የብረት ሣጥን ነው። ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር አያልፍም። በሆዱ ውስጥ ሁለት ክፍል አለ፤ አንዱ ድምፁን ይይዛል፣ ሌላው ራሱ የማይሰማ ዘገምተኛ ሞገድ እያመነጨ የተያዘውን ድምፅ ያወዛውዛል። ሞገዱ በየሴኮንዱ አሥር ጊዜ ያህል ሊመላለስ ይችላል፤ አንዴ ለመመላለስ ብዙ ሴኮንድ የሚፈጅበትም ጊዜ አለ። ምን ያህል ቶሎ እንደሚመላለስ የሚወስነው ማዞሪያ ፍጥነት፣ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ የሚወስነው ጥልቀት ነው፤ ሣጥኑ ላይ ሬት እና ዴፕዝ ተብለው ይጻፋሉ። ሌሎቹ ማዞሪያዎች ሁሉ የእነዚህ የሁለቱ ዘመድ አዝማድ ናቸው።

ፔዳሉ የማይሠራውን አስቀድሞ ማወቅ ወጪ ይቀንሳል። ያልተቃኘ ጊታር አይቃኝም። የዘገየ ጣት አያፈጥንም። ጠላ ደጋግሞ ከመለኪያው የሳተ ድራም መቺንም ወደ መስመሩ አይመልስም። ድምፅን ያወዛውዛል፣ በቃ።

እነዋሪ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የጀማ ወንዝ ገባሮች የቆራረጡት ገደል በሚያዋስነው ደጋ ሜዳ ላይ ተቀምጣ፣ በጥቁር አፈሯ፣ በስንዴዋና በጤፏ፣ ይልቁንም በዓል በደረሰ ቁጥር አዲስ አበባ ድረስ ስሙ በሚነሣው የጅሩ ሰንጋ ትታወቃለች። በኤሌክትሪክ ጊታር አትታወቅም። እንዲህ ባለች ከተማ ኤሌክትሪክ ጊታር ሥራ የሚያገኘው በጥር ሠርግ፣ በትምህርት ቤት የወላጆች ቀንና በወረዳ የኪነት ቡድን ዝግጅት ላይ ነው፤ እዚያም ቢሆን ተፎካካሪው ቀድሞት ይገኛል። ተፎካካሪው ኪቦርድ ነው። ኪቦርዱ በአንድ ዕቃ ውስጥ ከበሮውንም፣ ዋሽንቱንም፣ ማሲንቆውንም፣ ምንም ሳያፍር ጊታሩንም ይዞ ስለሚመጣ፣ ጊታር ተጫዋቹ ለምን እንደተጠራ ለሠርግ ቤቱ ማስረዳት ይኖርበታል። ደጋሹም ሁለት አበል የሚከፍልበትን ምክንያት መጠየቁ አይቀርም። የፔዳል ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፤ ኪቦርዱ ሊያወጣው የማይችለው፣ በሰው ጣትና በክር መካከል የሚወለድ፣ ሲንቀሳቀስ የሚሰማ ድምፅ ሲያስፈልግ።

የጅሩ ሰው ሰንጋ ሲገዛ በቀንዱ ማማር አይገዛም፤ ጀርባውን ዳሶ፣ ሻኛውን ጨብጦ፣ ወዲያ ወዲህ አስነድቶ ነው ዋጋ የሚጠራ። ፔዳል ገዢ ግን ባብዛኛው በቀንዱ ይገዛል፤ በቀለሙ፣ በላዩ በተሳለው ዘንዶ፣ በሚበራው ሰማያዊ አምፖልና በማዞሪያው ብዛት። የዚህ ዓይነቱ ገዢ እቤቱ ሲደርስ ዘንዶው ድምፅ እንደሌለው ይረዳል።

የሚወዛወዝ ድምፅ ለሸዋ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ማሲንቆ መቺ የፈረስ ጭራውን አውታር በጣቱ ሲያንቀጠቅጥ የሚሠራው ሥራ ፔዳሉ በትራንዚስተር ከሚሠራው ሥራ በመርሕ አይለይም፤ የአውታሩን ቅጥነት ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ፍጥነቱንም ጥልቀቱንም ያለ ማዞሪያ ይወስናል። በገናም ቢሆን ንጹሑን የአውታር ድምፅ አይቀበልም፤ በአውታሩና በመቀመጫው መካከል የሚገባው እንዚራ የተባለ ቁራጭ ቆዳ ነው ያንን የሚርመሰመስ ግርማ የሚሰጠው። ባትሪ አይፈልግም፣ አይቃጠልም፣ ዋስትናም አያስፈልገውም።

ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ግን አኮርዲዮን ነው። በብዙ አኮርዲዮኖች ውስጥ ለአንድ ድምፅ ሁለት የብረት ምላሶች ይገኛሉ፤ ሆን ተብሎም አንደኛው ከሌላው በጥቂቱ ከፍ ብሎ ይቃኛል። ሁለቱ አብረው ሲነፉ ልዩነታቸው እየተጋጨ ድምፁ ይርገበገባል። ኮረስ የተባለው ፔዳል ኋላ በኤሌክትሮኒክስ የደረሰበት ቦታ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ደብረ ብርሃን የተወለደው ኃይሉ መርጊያ በልጅነቱ ያነሣው መሣሪያ አኮርዲዮን መሆኑ ስለዚህ ለሰሜን ሸዋ ጊታር ተጫዋች ከወሬ ያለፈ ጥቅም አለው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ኃይሉ ኋላ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ሆነ፤ ባንዱ በ1977 ቼ በለውን አወጣ፤ በ1981 አሜሪካ ተሻግሮ ከባንዱ አባላት ከፊሎቹ እዚያው ሲቀሩ እሱም ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ሸሞንሟናዬን ሲቀርጽ አኮርዲዮኑን ከፌንደር ሮድስ፣ ከያማሃ ዲኤክስ 7 እና ከሙግ ጋር አቀላቀለው። ከዚያ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ፤ ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም አዲስ ነገር ያገኘ መሰለው። ያንን ካሴት ያዳመጠ ሰው ምን ዓይነት ፔዳል እንደሚፈልግ ግማሹን አውቆታል፤ ቀስ ብሎ የሚተነፍስ፣ ከዜማው የማይቀድም።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ስሕተት መታረም አለበት። በ1970ዎቹ የአዲስ አበባ ባንዶች ቅጂ ላይ ጊታሩ አፉን ከፍቶ እንደሚዘጋ ሰው «ዋ ዋ» ሲል የሚሰማበት ድምፅ ብዙ ገዢ ወደ ሱቅ የሚሮጥበት ምክንያት ነው። ማሕሙድ አሕመድ ኤሬ መላ መላን በ1975 ሲቀርጽ ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነበር፤ የአይቤክስና ከእሱ የተወለደው የሮሃ ባንድ ጊታር ተጫዋች ሰላም ሥዩምም ለዚያ ዘመን የጊታር ድምፅ በምሳሌነት ከሚጠሩት ግንባር ቀደሙ ነው። ነገር ግን በ1960ዎቹ መጨረሻ ገበያ ላይ የዋለው ዋዋ ፔዳል ሞጁሌሽን አይደለም። የሚያወዛውዘው የሚመላለስ ሞገድ ሳይሆን የተጫዋቹ ቁርጭምጭሚት ነው። «እንደዚያ ዘመን የሚል ፔዳል» ብሎ ጠይቆ ኮረስ ይዞ የሚመለስ ሰው ባለሱቁን መውቀስ የለበትም። ዋዋ የሚፈልግ ዋዋ ይግዛ፤ ሌሊቱን ሙሉ አንድ እግሩ ሥራ ላይ እንደሚውል ግን ከወዲሁ ይወቅ፣ እስክስታም አይመኝ።

ከሞጁሌሽን ቤተሰብ ዕድሜ ጠገቡ ትሬሞሎ ነው። ጉልበትን ብቻ ያወዛውዛል፤ ድምፁ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ይጨምራል። በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ዲአርመንድ የተባለው ድርጅት በሣጥን አድርጎ ሲሸጠው፣ በውስጡ የሚናወጥ ፈሳሽ ኤሌክትሪኩን እየቆረጠ እየቀጠለ ነበር የሚሠራው። ዛሬ ያለ ፈሳሽ ይሠራል። ቅጥነትን የሚነካው ቫይብራቶ ነው፤ ስማቸውን ግን ፋብሪካዎቹ ራሳቸው አደበላልቀውታል። ፌንደር በአምፕሊፋየሩ ላይ ትሬሞሎውን ቫይብራቶ ብሎ ጻፈ፤ በ1954 ባወጣው ስትራቶካስተር ላይ ደግሞ ቅጥነት የሚለውጠውን የብረት ዘንግ ትሬሞሎ አለው። ስለዚህ ገዢው የተጻፈውን ሳይሆን የተሰማውን ይመን።

ትሬሞሎ ለቀላልነቱ የሚወዳደረው የለም፤ ለእነዋሪ ሠርግ ግን አንድ ከባድ ጉድለት አለበት። የራሱ ምት አለው። ችክችካ እየተመታ፣ ጭብጨባው እየደመቀ፣ ትከሻው እየፈጠነ ሲሄድ ድራሙም አብሮ ይፈጥናል፤ ማንም ሳይነጋገር ሁሉም ይስማማል። ያልተስማማው ትሬሞሎው ብቻ ነው፤ ማታ አንድ ሰዓት ላይ በተሰጠው ፍጥነት እስከ ንጋት ይረግጣል። ሁለት ምት ሲጋጭ የሚሰማው እንቅፋት የመታው አጋሰስ ነው እንጂ ሙዚቃ አይደለም፤ ጥፋቱ ደግሞ የሚላከከው በድራም መቺው ላይ ሳይሆን በጊታሩ ላይ ነው።

ፌዘር ጉልበትንም ቅጥነትንም ትቶ ቀለሙን ይነካል። ድምፁን ለሁለት ከፍሎ አንደኛውን እንዳለ ይተወዋል፤ ሁለተኛውን ደግሞ ሞገዱን ወደ ኋላ በሚጎትቱ ደረጃዎች ውስጥ ያሳልፈዋል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚወርድባቸው ቦታዎች ላይ ተጣፍተው ድምፁ ውስጥ ክፍተት ይፈጠራል፤ አራት ደረጃ ያለው ፌዘር ሁለት ክፍተት ይፈጥራል። ሞገዱ እነዚህን ክፍተቶች ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ፣ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ሲያመላልሳቸው ጆሮ የሚሰማው ድምፁ ቀስ ብሎ ሲዞር ነው። በ1974 የወጣው የኤምኤክስአር ፌዝ 90 ብርቱካናማ ሣጥን ነው፤ በላዩ አንድ ማዞሪያ ብቻ አለ፣ ፍጥነት። በዚያው ዓመት ገደማ የመጣው የኤሌክትሮ ሐርሞኒክስ ስሞል ስቶን አንድ ማዞሪያና አንድ የቀለም መቀያየሪያ አለው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ሰው እየገዛቸው ያለው ሁለተኛ ማዞሪያ ስለጎደላቸው አይደለም፤ ስላልጎደላቸው ነው።

ዩኒ ቫይብ የተባለው የፌዘር ታላቅ ወንድም ከጃፓን በ1960ዎቹ መጨረሻ መጣ። በውስጡ አንዲት አምፖል ትርገበገባለች፤ ዙሪያዋን ያሉ አራት የብርሃን ዳሳሾች ደግሞ እያዩ ድምፁን ያዞራሉ። ጂሚ ሄንድሪክስ በ1969 ዉድስቶክ ላይ ተጠቅሞበታል። አምፖሏ ስለምታምር ብቻ ብዙ ሰው ከፍቶ ያያታል፤ ክዳኑን መመለስ ግን ሌላ ችሎታ ነው።

ፍላንጀርና ኮረስ እኅትማማች ናቸው። ሁለቱም የድምፁን ቅጂ በጥቂቱ አዘግይተው ከዋናው ጋር ይቀላቅላሉ፣ የመዘግየቱንም መጠን ያወዛውዛሉ። ይህ ሁሉ በትንሽ ሣጥን ውስጥ ሊገባ የቻለው የፊሊፕስ መሐንዲሶች በ1969 ድምፅን በትንሽ በትንሹ ከአንዱ ማጠራቀሚያ ወደ ቀጣዩ የሚያቀባብል ቺፕ ከሠሩ በኋላ ነው። በፍላንጀር መዘግየቱ ከአንድ እስከ አሥር ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ነው፤ የወጣውን ድምፅ መልሶ ወደ ራሱ ስለሚያስገባም ያፏጫል፣ ያገሳል፣ አውሮፕላን ሲነሣ ያለውን ጩኸት ያወጣል። በፉከራ ሰዓት ማን ይሻላል ቢባል ፍላንጀር ይሻላል የሚል አይጠፋም። ክርክሩ ያስኬዳል፤ ነገር ግን ፎካሪው አያቱ የጣሉትን ጠላት እየቆጠረ ሳለ ከኋላው ጄት ቢነሣበት የሚቀጥለውን ስንኝ መርሳቱ አያስገርምም።

በኮረስ መዘግየቱ ረዘም ይላል፤ ሃያ ሚሊ ሴኮንድና በዙሪያው ነው። መዘግየቱ ሲወዛወዝ የቅጂው ቅጥነት ከዋናው ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ ስለሚል አንድ ጊታር ሁለት ይመስላል። የሮላንድ ጃዝ ኮረስ 120 አምፕሊፋየር በ1975፣ ከእሱ የተወሰደው የቦስ ሲኢ 1 ፔዳል በ1976፣ ትንሹ ሲኢ 2 ደግሞ በ1979 መጡ። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል ዓለም ያለ ኮረስ ጊታር አልሰማም ማለት ይቻላል፤ የዘ ፖሊሱ አንዲ ሰመርስም ከፍላንጀር ጀምሮ እስከ ኮረስ ድምፁን አስለምዷል። (የእንግሊዙ ዘ ፖሊስ ነው እንጂ የእኛው የፖሊስ ኦርኬስትራ አይደለም፤ የእኛዎቹ የሚወዛወዝ ነገር ከፈለጉ ትሮምቦን ነበራቸው።) ቦስ ብዙ ማዞሪያ ሲጨምር ኤሌክትሮ ሐርሞኒክስ በስሞል ክሎን ላይ አንድ ማዞሪያና አንድ መቀያየሪያ አድርጎ ተወው፤ ኩርት ኮቤይን የተጠቀመው ይህንኑ ነው።

ሱቅ ውስጥ ሁሉንም የሚያሸንፈው ኮረስ ነው። ብቻውን ሲሰማ ጣፋጭ ነው፣ ስሕተት ይሸፍናል፣ ርካሽ ጊታር ውድ ያስመስላል። ሠርግ ላይ ነው ጉዱ። ኮረስ ቅጥነትን ይነካል፤ የኛ ቅኝት ደግሞ በቅጥነት የማይቀለድበት ነው። ትዝታ በሰፋፊ እርምጃ ስለሚሄድ ይታገሣል። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ጎረቤቶች አሏቸው፤ ጥልቀቱ የበዛ ኮረስ እነዚያን ጎረቤቶች አጥር አፍርሶ ያቀላቅላቸዋል። በዚያ ላይ ክራር በአንድ ጎን፣ ማሲንቆ በሌላ ጎን፣ ዘፋኙ በመካከል ሆኖ ሦስቱም እንደየጆሯቸው ተቃኝተዋል። አንድ ኮረስ ሲጨመር ዳሱ ውስጥ ስንት ቅኝት እንዳለ መቁጠር ያስቸግራል። ሽማግሌዎቹ የኮረስን ስም ባያውቁም ፍርዳቸው አንድ ነው፤ «ልጄ፣ ጊታሩን ቃኘው እንጂ» ይላሉ። ልጁም ይቃኛል፣ ይቃኛል፣ አሁንም «ቃኘው እንጂ» ይሉታል።

ስለዚህ ምርጫው ባለ አንድ ማዞሪያ ፌዘር ነው፤ ማዞሪያው ከግማሽ በታች፣ ይልቁንም ወደ ዝግታው ጫፍ ቀርቦ። ቅጥነቱን ስለማያዛባ ከክራሩም ከማሲንቆውም ጋር አይጣላም። የራሱን ምት አጉልቶ ስለማይረግጥ ድራሙ ቢፈጥንም አይሰናከልም። በትዝታ ረጃጅም ድምፆች ላይ ክሩ ከተመታ በኋላ ያለውን ባዶ ቦታ ይሞላል፤ በፈጣኑ ችክችካ ላይ ደግሞ ተቆራርጦ የሚመታው ኮርድ በየምቱ ትንሽ ትንሽ ስለሚለያይ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይሆንም። ኮረስ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ሰው ቢኖር ግን ስሞል ክሎንን የመሰለ፣ ጥልቀቱ በመቀያየሪያ ወደ ዝቅተኛው የሚደረግ ይውሰድ፤ መቀያየሪያውንም እዚያው ላይ በፕላስተር ይለጥፈው።

የማዞሪያ ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባዋል፤ የገንዘብም የጀርባም ጉዳይ ነውና። ፔዳል መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው። በዳስ ውስጥ መሬቱ ጉዝጓዝ ለብሷል፤ ብርሃኑ ከላይ ነው፤ ፊት ለፊት የሙሽራው ሚዜዎች ይዘላሉ። ስድስት ማዞሪያ ያለው ሰው በየዘፈኑ መካከል ተንበርክኮ ቄጠማ እየገለጠ ቁጥር ያነብባል። ዘፋኙ «ቀጥል» ሲል እሱ ገና ሦስተኛው ማዞሪያ ላይ ነው። ሽልማትም የሚያመልጠው በዚህ ጊዜ ነው፤ ብር ይዞ የመጣ እንግዳ የሚለጥፈው ግንባር ላይ ነው እንጂ ማጅራት ላይ አይደለም። ባለ አንድ ማዞሪያው በጫማ ጫፍ ይዞራል፣ ተጫዋቹም ግንባሩን ለታዳሚው እንዳዞረ ያመሻል። ሠላሳ ዓይነት ድምፅ በአንድ ሣጥን ያጨቁ ዲጂታል ፔዳሎችም ገበያው ላይ ሞልተዋል፤ ገዢው ሦስት ወር ሁሉንም ይሞክራል፣ በአራተኛው ወር በአንዱ ይረጋል፤ ያ አንዱ ለብቻው በግማሽ ዋጋ ይሸጥ ነበር።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ ነው። አብዛኛው ፔዳል 9 ቮልት ይፈልጋል፤ የመሰኪያው መሐል ኔጋቲቭ፣ ዙሪያው ፖዘቲቭ ሆኖ። በየቤቱ ያለው የራውተርና የሬዲዮ አዳፕተር አብዛኛው ተቃራኒው ነው። መሰኪያው ልክ ስለገባ ብቻ ልክ የሆነ የሚመስለው ሰው ፔዳሉን በአንድ ቅጽበት ይሰናበታል። ቮልቱም አቅጣጫውም በመቀያየሪያ የሚለወጥ ሁለገብ አዳፕተር ከገበያ የገዛ ሰው መቀያየሪያውን 9 ላይ አድርጎ በፕላስተር ይሸፍነው፤ ልጆች ያሉበት ቤት 12 ላይ ለመገኘቱ ምንም ጥርጥር የለውም። ዘመድ ከዋሽንግተን የላከውም የራሱ ወጥመድ አለው። ፔዳሉ ይሠራል፤ አብሮት የመጣው አዳፕተር ግን ለአሜሪካ 120 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ የእኛ 220 ቮልት ሲነካው አንድ ጊዜ ብቻ ይሸታል። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ ሰላም ነው።

ባትሪ ከሁሉም ያስማማል፤ አራት ማዕዘኑ ባለ 9 ቮልት ድንጋይ። ፌዘር የሚበላው ጥቂት ሚሊ አምፔር ስለሆነ አንድ ጥሩ አልካላይን የሠርግ ወቅቱን ገፋ ሊያደርገው ይችላል፤ ዲጂታሎቹ ግን መቶና ከዚያ በላይ ሚሊ አምፔር ስለሚጠጡ ሙሽሮቹ ሳይገቡ ይጨርሱታል። ባትሪው መሞቱን በምላስ ቀምሶ ማወቅ የቆየ ልማድ ነው፤ ይሠራል፣ አይመከርም። ይልቅስ ሊታወቅ የሚገባው የጊታሩ ጃክ በፔዳሉ መግቢያ ላይ እንደተሰካ ካደረ ፔዳሉ ቢጠፋም ባትሪው እየተበላ ማደሩ ነው። ማብሪያው ያ ጃክ ነውና ሲጨርሱ መንቀል ነው። መብራት ሲሄድ ፔዳሉ በባትሪ መሥራቱን ይቀጥላል ብሎ የሚኮራ አለ። እውነት ነው፣ ይቀጥላል። የሚሰማው ግን የለም፣ ድምፅ ማጉያው ሞንታርቦ ጠፍቷልና። የባትሪ እውነተኛ ጥቅም ሌላ ነው፤ ጀነሬተር ተነሥቶ ርካሹ አዳፕተር «ዝዝዝ» ሲል ፔዳሉ ዝም ማለቱ።

ሞንታርቦው ራሱ የምርጫው ወሳኝ ነው። በትናንሽ ከተሞች ሠርግ የጊታር አምፕሊፋየር ብርቅ ስለሆነ ጊታሩ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ይገባል። ገመዱ ዳሱን አቋርጦ አሥር ሜትር ይሄዳል፣ ሚክሰሩም ለማይክሮፎን እንጂ ለጊታር አልተሠራም፤ ስለዚህ ቀጭኑ ድምፅ መንገድ ላይ ቀርቶ ድፍን ያለው ብቻ ይደርሳል። የበራ ፔዳል ይህንን ያድናል፤ ከመውጫው የሚወጣው ኤሌክትሪክ ረጅም ገመድ የሚችል ነው። ባፈር የተባለ ምልክት አጠናካሪ ክፍል ያላቸው እንደ ቦስ ያሉት ጠፍተውም ይህንኑ ያደርጋሉ። «ሲጠፋ ድምፁ ምንም ሳይነካ ያልፋል» እየተባለ በኩራት የሚሸጠው ትሩ ባይፓስ ለስቱዲዮ ይመች ይሆናል፤ ለዚህ ዳስ ግን ምንም አይጠቅም። ትሩ ባይፓስ የሆነ ፌዘር የያዘ ሰው ዘግየት አድርጎ አብርቶ መተው ነው። ስቴሪዮ መውጫ ላለው ኮረስ ተጨማሪ መክፈልም ብር መበተን ነው፤ ሁለቱ ሞንታርቦ በዳሱ ሁለት ጫፍ ቢቆሙም የሚናገሩት አንድ ቃል ነው።

ግዢው አዲስ አበባ መሄድ ይጠይቃል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና በሠርጉ ዋዜማ አይሄዱም። የራስን ጊታር ይዞ መሄድ ግድ ነው። ባለሱቁ የሚያቀርበው ጊታር ከተሸጠው ሁሉ የሚሻለው ነው፤ በእሱ ላይ የማያምር ፔዳል የለም። ሲሞከር ትልቅ ችሎታ ማሳየት አያስፈልግም፤ ሱቅ ውስጥ ያለው ታዳሚ አይሸልምም። አንድ ትዝታ በዝግታ፣ አንድ አንቺ ሆዬ፣ ጥቂት ቁርጥ ቁርጥ ኮርድ ይበቃል። ቀጥሎ እጅን ከክሩ አንሥቶ ዝም ብሎ ማዳመጥ ነው፤ ፔዳሉ ብቻውን «ጢቅ፣ ጢቅ» የሚል ከሆነ ወይም ከሚገባው በላይ የሚተነፍስ ከሆነ ሞንታርቦ ላይ ሲደርስ ዳሱ ይሰማዋል። ሲረገጥ ጉልበቱ በድንገት የሚወርድ እንደሆነ፣ ማዞሪያው ሲዞር የሚንኮሻኮሽ እንደሆነ፣ የባትሪው ክዳን በጥፍር ተከፍቶ የሚዘጋ እንደሆነ ማየት ነው። ከፕላስቲክ የተሠሩ ርካሾችም አሉ፤ ድምፃቸው ብዙ ጊዜ ከዋጋቸው ይበልጣል። እነዚህን ከመግዛት በፊት ግን ማን እንደሚረግጣቸው ማሰብ ነው። የኪነት ቡድን መሣሪያ የጋራ ነው፣ የጋራ መሣሪያ ደግሞ በሁሉም እግር ይረገጣል። ፒክአፕ የተገጠመለት ክራር ያለው ጓደኛ ፔዳሉን እንደሚበደር ከወዲሁ መቁጠር ይገባል፤ ፌዘር በክራርም ላይ ያምራል፣ ስለዚህ ቶሎ አይመልስም።

አቀማመጡ አጭር ነገር ነው። ድምፅ የሚያሻክር ፔዳል ካለ ፌዘሩ ከእሱ በኋላ፣ የማስተጋቢያ ፔዳል ካለ ደግሞ ከእሱ በፊት ይግባ። ከጣውላ ላይ ቢለጠፍ አይንሸራተትም። የጅሩ ጥቁር አፈር በክረምት ከጫማ የማይለቅ ስለሆነ መርገጫውን በጭቃ መሙላቱ አይቀርም፤ ግልጽ ፌስታል አልብሶ በላዩ መርገጥ ይቻላል፣ ማዞሪያውም ይታያል። የተረገጠው ዕቃ ቀድሞ የሚሞተው በመርገጫው ነው። ፔዳሉ አንዴ በርቶ አንዴ እምቢ ሲል ሰው ሰርኪዩቱ ተቃጠለ ብሎ ይደነግጣል፤ ባብዛኛው ግን የላላ የጃክ ብሎን፣ የወለቀ የባትሪ ሽቦ ወይም የደከመ መርገጫ ነው። ይህ መርገጫ በብዙዎቹ ላይ ከሥሩ ዘጠኝ እግር አለው፤ ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግን ማንኛውም ባለሙያ በካውያ ሊቀይረው ይችላል። ሽቦዎቹ ከመነቀላቸው በፊት ግን የትኛው ከየትኛው እንደነበር በስልክ ፎቶ ማንሣት ያስፈልጋል፤ በተገላቢጦሽ የተመለሰ ፔዳል ሲረገጥ ይጠፋል፣ ሲተው ይበራል።